ለቤት ስራ ነጻ ወይም ርካሽ የካድ (በኮምፒውተር ንድፍ መሳያ) ሶፍትዌር የቱን ትመክሩኛላችሁ? (ኪችን ካቢኔት፣ ቁምሳጥን፣ የግቢ በር)

የኮንዶ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ኪችኑ በጣም ጠባብ ስለሆነ የተሰራ ካቢኔት ገዝቼ ከማስገባ በልኩ ላሰራ ነው፣ ቁምሳጥንም አብሮ። ደሞ ደብረ ብርሃን ያለው የእናትና አባቴ የግቢ በር ስላረጀ በቱቦላሬና በላሜራ አዲስ ላሰራላቸው ቃል ገብቻለሁ። ሰሪዎች ጋ ስሄድ ሁሉም በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ነድፈው ነው ዋጋ የሚነግሩኝ፣ የአንዱ ንድፍ ከሌላው ስለማይገናኝ ዋጋውን ማወዳደር አልቻልኩም፣ ስለዚህ ራሴ በኮምፒውተር ስዬ ልኩ ተጽፎበት ይዤ ብሄድ ሁሉም አንድ ነገር አይተው ዋጋ ይሰጡኛል ብዬ ነው።

አውቶካድ ቴክኒክና ሙያ እያለሁ ነካክቻለሁ፣ መስመር መሳልና ትሪም ማድረግ (ትርፉን መስመር መቁረጥ) እችላለሁ ከዛ አያልፍም። ዋጋውን ሳየው በዓመት 2,000 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለቤት ስራ የሚታሰብ አይደለም። ኮምፒውተር ቤት ክራኩን በፍላሽ እንጭንልሃለን አሉኝ ግን አልፈልግም፣ የመስሪያ ቤት ስራም የባንክ ነገርም በዚሁ ላፕቶፕ ነው የማደርገው፣ አንቲቫይረስ አጥፍቶ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር መጫን ያስፈራኛል።

ላፕቶፑ ኮር አይ 5 ራሙ 8 ጂቢ ነው፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። ኢንተርኔት በሞባይል ዳታ ነው የምጠቀመው። በዶላር የሚከፍል ካርድም የለኝም። ስሞቹን ስፈልግ ፍሪካድ፣ ሊብሬካድ፣ ስኬችአፕ፣ ፊውዥን፣ ብሌንደር እያለ መዓት ይመጣል፣ አንዱን ከጀመርኩ በኋላ መቀየር ስለማልፈልግ ነው የምጠይቃችሁ። የቱን ልያዝ?

ካቢኔት_ቤት

ወንድሜ ጥሩ አስበሃል። እኔ እንጨት ስራ ቤት ነኝ፣ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) የምንቆርጥበት ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ፋይል የሚመራ መቁረጫ ማሽን) አለን፣ ደንበኛ ልኩን ለክቶና ስሎ ሲመጣ ዋጋ ለመስጠትም ለመቁረጥም እንዴት እንደሚቀለን ልነግርህ አልችልም። ሶፍትዌሩን ከመምረጥህ በፊት ግን የሚሰራልህ ቤት ምን አይነት ፋይል እንደሚቀበል ጠይቅ። በመጋዝ የሚቆርጥ ከሆነ ልኩ የተጻፈበት ፒዲኤፍና የቁርጥራጮቹ ዝርዝር ይበቃዋል። ሲኤንሲ ወይም ሌዘር ያለው ግን ዲኤክስኤፍ (ማሽኑ የሚያነበው የንድፍ ፋይል) ነው የሚልህ፣ እና ዲኤክስኤፍ አሪፍ አድርጎ ለማውጣት ምንም መክፈል አያስፈልግህም፣ ሊብሬካድ ይበቃል። 2ዲ ብቻ ነው፣ 3ዲ የለውም፣ ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት በታች ስለሆነ በዳታም ይወርዳል፣ ያንተ ላፕቶፕ ላይ ደሞ ምንም ሳይከብደው ነው የሚሰራው። አውቶካድ የነካ ሰው ብዙም አይቸገርበትም፣ ሌየሩም (ንድፉ የሚከፋፈልበት ንብርብር) ስናፑም (መስመርን ከጫፍ ጋር የሚያገጣጥመው) ትሪሙም ያው ነው።

ስትስል በሚሊሜትር አንድ ለአንድ ሳል፣ ፕሪንት ላይ እንዲገባልህ ብለህ እንዳታሳንሰው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ዙሪያ የተዘጋ ይሁን፣ ጫፍና ጫፉ ግማሽ ሚሊ እንኳን ክፍት ከሆነ ማሽኑ እንደ ቅርጽ አይቆጥረውም። መስመር በመስመር ላይ ደርበህ አትሳል፣ ማሽኑ አንዱን ቦታ ሁለቴ ይሄድበታል። ልኩ የተጻፈበትን ጽሁፍ ለብቻው ሌየር ላይ አድርገው፣ ማጠፊያ የሚገባበትን ቀዳዳና የጀርባውን ቦይ ደሞ ሌላ ሌላ ሌየር፣ ምክንያቱም ጥልቀታቸው ይለያያል። ካቢኔት ላይ የሚገባው የተለመደው ማጠፊያ ጉድጓድ 35 ሚሊ ነው ስፋቱ።

ሌላው ውፍረቱ ነው። 60 ሴንቲ ሳጥን በ18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ካሰራህ ሁለቱ ጎኖች 36 ሚሊ ስለሚወስዱ ታችኛውና መደርደሪያው 564 ሚሊ ነው የሚሆነው። ገበያ ላይ 16 ሚሊ ብቻ ካገኘህ ደሞ 568 ይሆናል። ሰው በእስክሪብቶ ሲነድፍልህ ይሄ ነው የሚረሳው፣ ከዛ ሲገጣጠም መሳቢያው አልገባ ይላል። ሉሁ 1220 በ2440 ነው፣ መጋዙ ራሱ በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ወይም 4 ሚሊ እንደሚበላም አስብ፣ አራት ባለ 610 ሚሊ ከአንዱ ሉህ ርዝመት አይወጣም።

ሚሊሜትር

ካቢኔት ቤት ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን የመጨረሻዋ ነገር ራሷ ናት እኔን ፍሪካድ ያዝ እንድል የምታደርገኝ። ኤምዲኤፉ ከ18 ወደ 16 ሲቀየር ሊብሬካድ ላይ የሳልከውን እያንዳንዱን ቁራጭ እየዞርክ ነው የምታስተካክለው። ፍሪካድ ግን ውስጡ ስፕሬድሺት (እንደ ኤክሴል ያለ ሠንጠረዥ) አለው፣ ውፍረት ብለህ አንድ ሴል ላይ 18 ትጽፋለህ፣ የሳጥኑን ስፋት፣ ቁመት፣ ጥልቀት እንደዛው፣ ቁራጮቹን ከነዛ ሴሎች ጋር ታያይዛቸዋለህ፣ ከዛ 18ቱን 16 ስታደርገው ካቢኔቱ በሙሉ ራሱን ያስተካክላል። ሰሪው ኤምዲኤፉ የለም ሌላ አለ ባለህ ቁጥር ይሄ ይጠቅምሃል፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ደሞ ግድግዳው ታችና ላይ እኩል ስለማይሆን እንደገና ለክተህ ስትመጣም ይጠቅምሃል።

ነጻ ነው ሲባል እስከመጨረሻው ነጻ ነው፣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ስለሆነ ሸጥክበትም አልሸጥክበትም ማንም አይጠይቅህም፣ አካውንት አይፈልግም፣ አንዴ ካወረድከው ያለ ኢንተርኔት ይሰራል። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደህ አውርደው። 8 ጂቢ ራም ላንተ ስራ ይበቃል፣ አንድ ኪችን ሳጥን በሳጥን ለየብቻ ከሳልከው በፍጹም አይጨነቅም።

ከባድ ነው የሚሉህ ሰዎች አልዋሹም። ወርክቤንች የሚባሉ ክፍሎች አሉት፣ ጀማሪ ሁሉንም ልይ ሲል ነው የሚጠፋው። አንተ መጀመሪያ ስኬቸርን (ጠፍጣፋውን ንድፍ መሳያ) እና ፓርት ዲዛይንን (ንድፉን 3ዲ የሚያደርገውን) ብቻ ያዝ፣ ስኬች ላይ ልኩን ሁሉ ሰጥተህ ስትጨርስ መስመሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ አረንጓዴ ሳይሆን ወደሚቀጥለው አትሂድ። ቀጥለህ ስፕሬድሺቱን፣ መጨረሻ ላይ ቴክድሮው የሚባለውን፣ እሱ ነው ልኩ ያለበትን ወረቀት የሚያወጣልህ። እንጨት ስራ ላይ ያተኮረ ውድዎርኪንግ የሚባል ተጨማሪ ደሞ በአድኦን ማናጀሩ ውስጥ አለ፣ የሞዴልህን ቁርጥራጮች ልክና ብዛት ዝርዝር አድርጎ ያወጣልሃል፣ ካቢኔት ቤት ዝርዝር ያለው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ድሮ ፍሪካድ ላይ መጀመሪያ የሰራኸውን ስትነካው በላዩ ላይ የሰራኸው ሁሉ ይፈርስ ነበር፣ ፊቶቹና ጠርዞቹ ስማቸው ስለሚቀያየር ማለት ነው። ብዙ ሰው የተወው በዚህ ነው። በኖቬምበር 2024 የወጣው ስሪት 1.0 ላይ ይሄ ችግር በጣም ተሻሽሏል፣ የተለያዩ ቁርጥራጮችን የሚገጣጥም ክፍልም አብሮ ገብቶለታል። ስለዚህ ከ1.0 በታች አትጫን፣ ዩቲዩብ ላይ ስትማርም በ0.18 ወይም 0.19 የተሰሩ ቪዲዮዎችን እለፋቸው፣ ሜኑው ራሱ ስለሚለያይ ያደናግሩሃል።

ጋራዥ_ሜሪላንድ

ሰላም ሀገር ቤት። እኔ ያለሁት አሜሪካ ሜሪላንድ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ 3ዲ ፕሪንተር አለኝ ለቤት የሚሆን ማንጠልጠያ ምናምን እሰራለሁ። ፍሪካድን ሞክሬዋለሁ አከብረዋለሁ ግን ለጀማሪ ፊውዥን ይቀላል ባይ ነኝ። አውቶዴስክ (የአውቶካድና የፊውዥን ባለቤት) ለግል አገልግሎት በነጻ ይሰጣል፣ ስኬች አድርገህ ልክ ሰጥተህ ወደላይ ታወጣዋለህ፣ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ትምህርቱም እንደጉድ ነው ያለው። ሊሚቱ በአንዴ ክፍት ሆነው ኤዲት የሚደረጉት ፋይሎች 10 ብቻ ናቸው ግን ሌላውን አርካይቭ አድርገህ ስትፈልግ ትመልሰዋለህ ምንም አይጠፋም። የድሮዊንግ ገጹም አንድ ሉህ ብቻ ነው፣ ለአንድ ካቢኔት ይበቃል።

ኦንሼፕም አለ፣ እሱ ጭራሽ መጫን አያስፈልገውም ብራውዘር ላይ ነው፣ ላፕቶፕህ ደካማ ቢሆንም ስልክ ላይም ይከፍታል። ግን ነጻው ላይ የሰራኸው ሁሉ ለሰው ሁሉ ክፍት ነው፣ ማንም ፈልጎ ሊያየው ይችላል። ለማንጠልጠያ ችግር የለውም፣ የቤተሰብ ቤት ሙሉ ፕላን ግን እኔ አላስቀምጥበትም።

ልጆች ካሏችሁ ቲንከርካድን አሳዩአቸው፣ ነጻ ነው ብራውዘር ላይ ነው። የእኔዋ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው የስሟን ቁልፍ ማንጠልጠያ ራሷ ነው የሰራችው። እዚህ አካባቢ ፕሪንተር የሌለው ሰው የህዝብ ላይብረሪ ይጠይቅ፣ ብዙዎቹ 3ዲ ፕሪንተር አላቸው።

ሚሊሜትር

ጋራዥ ሜሪላንድ፣ ፊውዥን ለመማር እንደሚቀል እስማማለሁ። ግን ጠያቂው በሞባይል ዳታ ነው ያለው፣ ፊውዥን ፋይልህን የሚያስቀምጠው ክላውድ ላይ ነው፣ ለተወሰነ ጊዜ ኦፍላይን ይሰራል እንጂ ዞሮ ዞሮ መገናኘት አለበት። ደሞ የግል አገልግሎት ፈቃዱን አንብበው፣ ገቢ ልታገኝበት ከጀመርክ በዓመት ከ1,000 ዶላር ማለፍ የለበትም። ዛሬ ለራሱ ኪችን የሚሰራ ልጅ ነገ ጎረቤቱ ለኔም ስራልኝ ይለዋል፣ እዚህ ሀገር ስራ የሚጀመረው እንዲህ ነው፣ ያኔ የተማረውን ጥሎ እንደገና ሌላ እንዲማር አልፈልግም።

ኩባንያ በነጻ የሚሰጠው ነገር በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚሆን ዋስትና የለም። ድራፍትሳይትን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ዲደብሊውጂ (የአውቶካድ ፋይል) የሚከፍት አሪፍ 2ዲ ነበር፣ ለዓመታት በነጻ ነበር የሚሰጠው፣ 2019 ላይ የሚከፈልበት ሆነ፣ ቀድሞ የተጫነው ነጻው ራሱ ከ2019 ማብቂያ በኋላ አልከፍትም አለ። ስኬችአፕም እንደዛው፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ነጻ ስሪት በ2017ቱ ነው ያበቃው፣ ከዛ በኋላ ነጻው ብራውዘር ላይ ብቻ ሆነ። እኔ ለሰው ስመክር መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው፣ ዛሬ የሳልከውን ከአምስት ዓመት በኋላ ያለማንም ፈቃድ ትከፍተዋለህ ወይ።

ጋራዥ_ሜሪላንድ

የድራፍትሳይቱን አላውቅም ነበር። ልክ ነህ ኢንተርኔቱንም ከዚህ ሆኜ አልገመትኩትም። ዋይፋይ ቤቱ ላለ ሰውና ሊሸጥበት ላላሰበ ግን አሁንም ፊውዥን እላለሁ፣ ቢያንስ ሞዴሉን ስቴፕ በሚባለው ፎርማት እያወጣችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ስቴፕን ፍሪካድም ሌላውም ይከፍተዋል።

ፕላን_እና_ቡና

አርክቴክት ነኝ፣ አንድ ነገር የተረሳ መሰለኝ። የኮንዶ ልጅ፣ ካቢኔቱን ከመሳልህ በፊት ክፍሉን ሳለው። ለዛ ስዊት ሆም 3ዲ የሚባል አለ፣ ነጻ ነው ኦፕን ሶርስ ነው፣ ግድግዳውን ከላይ እያየህ ትስላለህ በር መስኮት ትጎትታለህ፣ ከስር ወዲያው በ3ዲ ያሳይሃል። ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል፣ እናቴ እንኳን ሶፋዋን የት እንደምታደርግ ያየችው በሱ ነው። ፍሪጁ በሩ ሲከፈት ምድጃውን ይመታል ወይ፣ ካቢኔቱ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ከሆነ ለሰው መተላለፊያ ስንት ይቀራል፣ እነዚህን እዛ ላይ ጨርስ። ካቢኔቱን ራሱን ለመቁረጥ በሚሆን ልክ ግን በሱ አትስራ፣ ለዛ አይደለም የተሰራው።

ስትለካ የኮንዶሚኒየም ፕላኑን አትመን፣ ልስንና ሴራሚክ ከገባ በኋላ ያለውን ነው የምትለካው። ስፋቱን ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ ለካና ትንሹን ውሰድ። የውሃ ቱቦውና ሶኬቱ ከማዕዘኑ ስንት እንደሚርቁ ጻፍ፣ ካቢኔት ተሰርቶ ከመጣ በኋላ ጀርባውን በመጋዝ ሲቀዱት ማየት ያማል።

ብሌንደርን ጠቅሰሃል፣ እሱ በጣም ቆንጆ ነጻ ሶፍትዌር ነው ግን ለምስልና ለአኒሜሽን ነው፣ በሚሊ ለሚቆረጥ ነገር አትያዘው። ስኬችአፕ የብራውዘሩ ነጻው ቶሎ ያስለምዳል፣ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ዲኤክስኤፍም አያወጣልህም።

ዲደብሊውጂ ፋይል የሚልክልህ ሰው ካለ ደሞ፣ ባለሙያው አውቶካድ ላይ ሴቭ አዝ ብሎ ዲኤክስኤፍ አድርጎ እንዲልክልህ ጠይቀው፣ ለሱ የአንድ ደቂቃ ስራ ነው። እምቢ ካለ ኦዲኤ ፋይል ኮንቨርተር የሚባል በነጻ የሚወርድ መቀየሪያ አለ፣ ፍሪካድም ዲደብሊውጂ ለመክፈት እሱን ይጠቀማል። ሊብሬካድ በቀጥታ ዲደብሊውጂ ልክፈት ሲል ብዙ ጊዜ ያጎድላል።

ተማሪ ወይም መምህር የሆናችሁ ደሞ ክራክ ውስጥ አትግቡ፣ አውቶዴስክ ለተማሪና ለመምህር አውቶካድንም ሬቪትንም (የህንጻ ዲዛይን ሶፍትዌር) ለአንድ ዓመት በነጻ ይሰጣል፣ ተማሪ እስከሆናችሁ ድረስ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ ነው የሚጠይቀው። ለትምህርት ብቻ ነው፣ ተከፍሎህ አትሰራበትም።

እና ይሄን ለሚያነብ ሁሉ፣ የቤቱን ፕላን ራሴ ሳልኩ ብሎ ለግንባታ ፈቃድ ይዞ መሄድ የለም። ለፈቃድ የሚገባው የሙያ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተዘጋጅቶ የተፈረመ ነው። በራስህ የሳልከው የምትፈልገውን ለባለሙያው ለማሳየት በጣም ይጠቅማል፣ ምሶሶና ፌሮ ግን ለሱ ተውለት።

የኮንዶ_ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ በዝርዝር የሚያስረዳኝ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ስለዚህ የገባኝ ክፍሉን በስዊት ሆም፣ ካቢኔቱን በፍሪካድ፣ ሲኤንሲ ቤቱ ከጠየቀኝ ዲኤክስኤፍ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። መብራት ሲሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ብዙ አይቆይም፣ ፍሪካድ ያልሴቭኩትን ያጠፋብኛል? ሁለተኛ የግቢውን በር በየትኛው ልሳለው? መግቢያው 3 ሜትር ነው፣ ሁለት ተከፋች፣ ቁመቱ 2.10፣ ፍሬሙ 40 በ40 ቱቦላሬ።

ሚሊሜትር

ራሱ በየተወሰነ ደቂቃ የማዳኛ ኮፒ ያስቀምጣል፣ ሲጫን 15 ደቂቃ ላይ ነው ያለው፣ ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብተህ 3 ወይም 5 አድርገው። ኮንትሮል ኤስንም ልመድ።

በሩን ሊብሬካድ ላይ ሳለው፣ ጠፍጣፋ ነገር ስለሆነ 3ዲ አያስፈልግህም። የሁለቱ ተከፋች ስፋት 1.50 አይደለም፣ ለማጠፊያና ለመሃሉ ክፍተት 4 ሴንቲ ብትተው እያንዳንዱ 1.48 ይሆናል፣ የመሃል አግዳሚው ደሞ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ስለሚገባ 1.40። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ነው የሚመጣው። ጥግ ጥጉ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የሚበየድ ከሆነ አራት ባለ 2.10፣ አራት ባለ 1.48፣ ሁለት ባለ 1.40 ያስፈልግሃል። ከመጀመሪያው ሁለት 2.10 እና አንድ 1.48፣ ከሁለተኛው እንደዛው፣ ከሦስተኛው ሁለት 1.48 እና ሁለት 1.40፣ በ3 ቱቦላሬ አለቀ። አራት ግዛ የሚልህ ካለ ይሄንን ወረቀት አሳየው፣ አራተኛው ለሰያፉ ነው ካለህ ግን ልክ ነው፣ ባለ 1.48 ተከፋች ላሜራ ሲለብስ ስለሚከብድ ሰያፍ ካላስገባህ በጊዜ ብዛት ይወርዳል።

ካቢኔት_ቤት

በየዳ ቤትም ይሁን እንጨት ቤት፣ ዲኤክስኤፉን በቴሌግራም ስትልክ ፒዲኤፉንም አብረህ ላክ፣ ፋይሉ ሲከፈት መለኪያው ከሚሊ ወደ ኢንች ዞሮ ሊመጣ ይችላል፣ ኦፕሬተሩ ፒዲኤፉ ላይ 564 የሚለውን አይቶ ነው የሚያረጋግጠው። ሙሉውን ከማስቆረጥህ በፊት ደሞ አንድ ሳጥን ብቻ አስቆርጠህ ቤት ወስደህ ግጠመውና እይ፣ ልኩ ከመጣ ሌላውን ታስቀጥላለህ።

የኮንዶ_ልጅ

እሺ እንደዛው አደርጋለሁ። ቅዳሜ ዋይፋይ ያለበት ሄጄ ሦስቱንም አወርዳለሁ፣ የኪችኑን ልክ ለክቼ ስኬቹን ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ከመቁረጡ በፊት ስህተት ካያችሁ ንገሩኝ።